በወንዙ ዳር የተረሳችው ደሴት

ቪሽዋ ሞሃን ባትና ራይ ኩደር አብረው የሠሩት «ኤ ሚቲንግ ባይ ዘ ሪቨር» (እ.ኤ.አ. 1993) በተነሣ ቁጥር የሚተረከው አንድ ነው። የሕንዱ ክላሲካል ሙዚቀኛና አሜሪካዊው ጊታር ተጫዋች ከቀረጻው ጥቂት ቀደም ብለው ተዋወቁ፤ ያለ ልምምድ፣ ሳንታ ባርባራ ባለ አንድ የጸሎት ቤት ተቀምጠው ተጫወቱ፤ በኋላም ግራሚ አገኙ። ምሥራቅና ምዕራብ ተጨባበጡ ተባለ።

ሁለት እንግዶች ይህን ያህል እንዴት ተግባቡ? «ሙዚቃ ድንበር የለውም» የሚለው መልስ ምንም አያስረዳም። ቫዮሊኒስቱ ዬሁዲ ሜኑሂን የባት መምህር ከሆነው ከራቪ ሻንካር ጋር በ1967 «ዌስት ሚትስ ኢስት»ን ሲያወጣ፣ ራጋውን የተጫወተው ተዘጋጅቶ በተሰጠው ድርሰት ነበር። ያ ሰው ችሎታ አንሶት አይደለም።

መልሱ ያለው እጃቸው ላይ ነው። የባት ሞሃን ቪና ራሱ ያሻሻለው ጊታር ነው፤ ሳይነኩ የሚያስተጋቡ ክሮች ታክለውበት፣ ጭን ላይ ተጋድሞ፣ ክሩ ላይ ብረት እየተንሸራተተ ይጫወቱታል። ይህ አያያዝ ሃዋይ ውስጥ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የተወለደ ነው። የሃዋዩ ሙዚቀኛ ታው ሞ በ1940ዎቹ ካልካታ ኖሯል። ኋላ ብሪጅ ቡሻን ካብራ ጊታሩን ለራጋ አበቃው፤ ምክንያቱም ራጋ ከድምፅ ወደ ድምፅ በመንሸራተት (ሕንዶቹ ሚንድ ይሉታል) ነፍስ ይዘራል፤ ተራ ጊታር ደግሞ ይህን እንደ ልብ አይፈቅድም። ኩደርም የብሉዝ ስላይድ ወራሽ ቢሆንም በ1970ዎቹ ከሃዋዩ ጋቢ ፓሂኑዊ ጋር ሠርቷል። እንግዶች የተባሉት በአንድ ወገን ዘመዳሞች ናቸው። ያገናኘቻቸው ደሴት ግን በውዳሴው ውስጥ ስሟ አይነሣም፤ ምሥራቅም ምዕራብም አይደለችማ።

በእኛም ዘንድ ትዝታ ሜጀርና ራጋ ቡፓሊ አምስት ድምፆች ይጋራሉ እየተባለ ዝምድና ይቆጠራል። ድምፆቹ እውነትም አንድ ናቸው። የት እንደሚታረፍ፣ ከየት ወዴት እንደሚወረድ ካልተጋሩ ግን ፊደል እንጂ ቋንቋ አልተጋሩም።

«ጋንጀስ ዴልታ ብሉዝ» ርእሱ ሁለቱን ዴልታዎች በቀልድ ያጋጥማል፤ ለእኔ ግን የአልበሙ ደካማ ቦታ እሱ ነው። ባት ይፈጥናል፤ ኩደር አጫጭር ሐረጎች እየመለሰ ያጅበዋል፤ እያንዳንዱ ከቤቱ ያመጣውን እያሳየ ያልፋል። መዝጊያው «ኢሳ ሌይ» የፊጂ የስንብት ዜማ ነው፤ የሁለቱም አገር አይደለም። እዚህ ሩጫው ይበርዳል። ማን እንደሚመራ፣ ማን እንደሚከተል ለጆሮ ያስቸግራል። አልበሙን ገና ያልሰማችሁ ከዚህ ጀምሩ፤ ከዚያ ወደ ኋላ ተመለሱ።