ሥጋው የታለ?

ማስታወቂያ መጻፍ ለሚጀምሩ ወጣቶች ከሁሉ አስቀድሜ የማሳያቸው የአሜሪካውን የሃምበርገር ቤት የዌንዲስን ማስታወቂያ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1984 በቴሌቪዥን የታየውን። ሦስት አዛውንት ሴቶች በሌላ፣ በተፎካካሪ ሃምበርገር ቤት ባንኮኒ ፊት ቆመዋል። ሁለቱ የቀረበላቸውን ዳቦ እያገላበጡ ያደንቃሉ፤ ትልቅ ነው፣ ለስላሳ ነው ይላሉ። የላይኛው ዳቦ ሲነሣ ከሥሩ ብጣሽ ሥጋ ትታያለች። ይኼኔ ሦስተኛዋ ክላራ ፔለር "ሥጋው የታለ?" ብለው ይጮኻሉ።

ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ጩኸቱን ነው። እኔን የሚገርመኝ የዳቦው ውዳሴ ነው። ሁለቱ ሴቶች ረጋ ብለው ባያሞግሱት ኖሮ ጥያቄው ተራ ስሞታ ሆኖ ይቀር ነበር። ሠላሳ ሰከንድ ብቻ ተሰጥቶት ይህን ያህሉን ለባዶ ዳቦ ማዋል ድፍረት ይጠይቃል፤ ጸሐፊው ክሊፍ ፍሪማን ደፍሮታል።

ጥያቄው መጀመሪያ ረዘም ያለ ነበር። ፔለር ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው፣ በቺካጎ ጥፍር በማስዋብ ሥራ የኖሩ ሴት ነበሩ። የሳንባ ሕመም ስለነበረባቸው ሙሉውን ማለት ከበዳቸውና ዳይሬክተሩ ጆ ሰደልማየር አሳጠረላቸው። እሳቸው በአንድ ትንፋሽ ያወጡትን ሕፃኑም ፖለቲከኛውም አወጣው። በዚያው ዓመት አትላንታ ላይ በተደረገው የዲሞክራቶች የፕሬዚዳንት ዕጩነት ተወዳዳሪዎች ክርክር ዋልተር ሞንዴል ስለ አዳዲስ ሐሳቦቻቸው በሚናገሩት በተፎካካሪያቸው በጋሪ ሃርት ላይ ያንኑ ጥያቄ ወረወሩት፤ በርገር በሌለበት መድረክ ሁሉም ገባው። እኔም ጽሑፌን ከማስረከቤ በፊት ቆሜ፣ ጮክ ብዬ አነበዋለሁ፤ መሃል ላይ አየር ካስሳበኝ እቆርጠዋለሁ።

በ1985 ፔለር ፕሬጎ ለተባለ የፓስታ ስጎ ማስታወቂያ ሠሩና "አገኘሁት!" አሉ። ዌንዲስ ሥጋው ሌላ ቤት ተገኘ ማለት ነው ብሎ ከእሳቸው ጋር መሥራት አቆመ። የንግዱ ምክንያት ግልጽ ነው። እኔ ግን የማዝነው ለጥያቄው ነው። በመጀመሪያው ማስታወቂያ ዌንዲስ ጋ የበለጠ ሥጋ እንዳለ የሚናገረው ተራኪው ነበር፤ ፔለር ከባንኮኒው ጀርባ ሰው ያለ አይመስለኝም ብለው ነው የሚጨርሱት። መልስ ስላላገኙ ተመልካቹ ጥያቄውን ተቀብሎ ወደፈለገበት ወሰደው።

ደንበኞች መልሱንም ጠያቂዋ ራሷ ትናገር ሲሉኝ አጥብቄ የምከራከረው ለዚህ ነው። ዋጋውንም አድራሻውንም ተራኪው ይናገር እላቸዋለሁ፤ እሷን ግን አትንኩብኝ።