መጀመሪያ እጅህን አሳየኝ

«ጋሼ፣ ኳሷ ለምንድን ነው ሁልጊዜ ወደ ቀኝ የምትሸሸው?» አለኝ ጎልፍ ከጀመረ ሁለት ወር ያልሞላው ልጅ፣ ዋሽንግተን፣ ኢስት ፖቶማክ መለማመጃው ላይ። መልሱንም ከቪዲዮ ይዞ ነው የመጣው፤ ዱላውን ከውስጥ በኩል ላውርድ ብሎ ክርኑን ጎኑ ላይ ለጥፎ ይታገላል። ይህ «የዱላውን መንገድ አስተካክል» የሚሉት ትምህርት አንገሽግሾኛል።

ጓንትህን አውልቅ አልኩት። ከትንሿ ጣት በታች፣ ወደ እጅ አንጓው የተጠጋው የጓንቱ ዳር ተልጦ ተበስቷል። ዱላውን በጣቶቹ መያዝ ሲገባው በመዳፉ እንደ መጥረቢያ ጨብጦታል፤ በየምቱ ይንሸራተትበታል። ጎንበስ ብሎ ሲያይ ከግራ እጁ አንድ የጣት መገጣጠሚያ ብቻ ነው የሚታየው። እንዲህ የተያዘ ዱላ ኳሷ ጋ የሚደርሰው ፊቱ ወደ ቀኝ ተከፍቶ ነው። ኳሷ ደግሞ አነሳሷን በአብዛኛው የምትወስደው ከዱላው ፊት ነው፤ የምትጠመዘዘው ፊቱና መንገዱ በተለያዩ ቁጥር ነው። ድሮ ብዙ አሰልጣኞች አነሳሷን የሚወስነው መንገዱ ነው ይሉ ነበር፤ ክርክሩን የዘጋው ኳሷንና ዱላውን የሚከታተለው ራዳር ነው።

ታዲያ ኳሷ ወደ ቀኝ ስትሸሽ ያየ ሰው ምን ያደርጋል? ወደ ግራ ያነጣጥራል፣ ወደ ግራ ይጎትታል። መንገዱ የተጣመመው የተከፈተውን ፊት ለማካካስ ነው። ፊቱን ሳትዘጋ መንገዱን ብታቃናለት ኳሷ ጭራሽ በቀኝ ተነስታ ዛፍ ውስጥ ትገባለች፤ ልጁም በማግስቱ ወደ ድሮው ይመለሳል፣ አይፈረድበትም።

ታላቁን የጎልፍ ተጫዋች ቤን ሆጋንን የሚጠቅሱብኝ አሉ። በ1957 እ.ኤ.አ. በወጣው መጽሐፉ ያሳየው አያያዝ የግራ እጁን ወደ ግራ መለስ ያደረገ ነው፤ እውነት ነው። ሆጋን ግን ለዓመታት የታገለው ወደ ግራ ከምትጠመዘዝ ኳስ ጋር ነበር። ለእሱ የበጀው ይህን ልጅ ይብሱን ያበላሸዋል።

የግራ እጁን ወደ ቀኝ አዞርኩለት፣ ሦስት መገጣጠሚያ እስኪታየው። አልተመቸውም፤ መጀመሪያ ማንንም አይመችም። ኳሷ ወደ ግራ ተጠመዘዘች። «ባሰ እኮ ጋሼ!» አለ። እኔ በልቤ እልል አልኩ፤ ወደ ግራ መላክ የቻለ እጅ ፊቱን መዝጋት ችሏል ማለት ነው። የቀረው የልኩ ጉዳይ ነው።

እኔ ማታ ማታ ታክሲ ነጂ ነኝ። እዚያ ተሳፋሪ የሚያየው ማጅራቴን ነው። እዚህ መለማመጃው ላይ ግን ትልቅ ሰው ሁለት እጁን ዘርግቶ ምን እንደምል ይጠብቃል። እጅ የማየት ልክፍቱ ሌላ ቦታም ይከተለኛል፤ ባለቤቴ ቤተ ክርስቲያን ቆመን የመዘምራኑን መቋሚያ አያያዝ ስታዘብ ደርሳብኝ በክርኗ ጎሸም አድርጋኛለች። አንደኛው በመዳፉ ነበር የያዘው።