«የተፈቀደ መጠን»፤ በሥራ ቦታ የመርዛማ ጋዞች ገደብ ስያሜ ላይ የቀረበ ሂስ

የሙያ ቃል ትርጉም የሚመዘነው በመዝገበ ቃላት ገጽ ላይ በሚያሳየው ውበት ሳይሆን፣ ቃሉን ያነበበው ሰው በሚፈጽመው ተግባር ነው። ይህም በሥራ ቦታ አየር ውስጥ ስለሚገኙ መርዛማ ጋዞች በሚጻፍበት ጊዜ ጎልቶ ይታያል። በቆዳ ፋብሪካ ጠጉር ለማርገፍ የሚያገለግለው ሶዲየም ሰልፋይድ ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ሃይድሮጂን ሰልፋይድ የተባለው ጋዝ ይወጣል፤ በውኃ ማጣሪያ ጣቢያ የክሎሪን ሲሊንደር ሊያፈስ ይችላል፤ በተዘጋ ቤት የሚነድ ከሰልም ሆነ የሚሠራ ሞተር ካርቦን ሞኖክሳይድ ያመነጫል። ለእነዚህ ሁሉ በቁጥር የተቀመጠ ገደብ አለ። ቁጥሩ ሳይለወጥ ወደ አማርኛ ይሻገራል፤ አብሮት የሚሻገረው ስያሜ ግን ቁጥሩን ሊክደው ይችላል። በዚህ ጽሑፍ የሚመረመሩት ለተርጓሚ ቶሎ እጅ የሚገቡት ሦስት ቃላት፣ ማለትም «የተፈቀደ»፣ «መጠን» እና «ተጋላጭነት»፣ እንዲሁም ከስያሜው ተጥሎ የሚቀረው የጊዜ መለኪያ ናቸው።

ሀ. «የተፈቀደ»። የአሜሪካ መንግሥታዊ የኢንዱስትሪ ጤና ባለሙያዎች ጉባኤ በ1946 እ.ኤ.አ. የ148 ንጥረ ነገሮችን ዝርዝር ሲያጸድቅ፣ ገደቡን «ሊፈቀድ የሚችል ከፍተኛ ይዘት» በሚል ስም ይጠራው ነበር። በ1956 እ.ኤ.አ. ግን «የደፍ ገደብ» በሚል አዲስ ስም ተካው። የፈቃድ ቃል በ1971 እ.ኤ.አ. በወጣው የመንግሥት ሠንጠረዥ ስም ውስጥ ተመልሶ ገባ። ሩስያውያንም የፈቃድን ቃል ይዘዋል፤ ጀርመኖች ግን «የሥራ ቦታ ከፍተኛ ይዘት» ብለው ከፈቃድ ነጻ አውጥተውታል። እንግዲህ «ፈቃድ» የጽንሰ ሐሳቡ አካል ሳይሆን የአንዳንድ ቋንቋዎች ምርጫ መሆኑ ግልጽ ነው። በአማርኛ ደግሞ ምርጫው ይበልጥ ይጎዳል። «የተፈቀደ» ብለን በኀላፊ ጊዜ ስንናገር ፈቃጅ እንዳለ፣ ፈቃዱም ተሰጥቶ እንዳለቀ እናስታውቃለን፤ አሠሪው እስከዚያ ቁጥር ድረስ አየሩን የመበከል መብት ያገኘ ይመስላል። «አስተማማኝ መጠን» የሚለው አማራጭ ከዚህም የባሰ ነው፤ ምክንያቱም ገደቡ በደኅናና በአደገኛ መካከል የተሰመረ ቀጭን መስመር አለመሆኑን ራሱ ጉባኤው አጥብቆ ያስገነዝባል። ለቤንዜን (ቤንዚን ከምንለው የመኪና ነዳጅ ጋር እንዳይምታታ) በአሜሪካ ደንብ ከሚሊዮን 10 እጅ የነበረው ገደብ በ1987 እ.ኤ.አ. ወደ 1 እጅ ዝቅ ብሏል። የሠራተኛው ደም ግን በ1986ም ሆነ በ1987 ያው ነበር። የተለወጠው የሰው ውሳኔ ነው፤ ስያሜውም ይህን ውሳኔነት መሸሸግ የለበትም።

«ወሰን» የሚለውም ቃል ቢሆን ከዚህ እንከን አያመልጥም። ወሰን የመሬት ቃል ነው፤ እስከ ወሰኑ ያለው ሁሉ የባለይዞታው ነው። «ገደብ» ግን የሚያግድ ነው። «የፍጥነት ገደብ» ሲባል ከዚያ በታች የሚነዳ ሁሉ ከአደጋ ድኗል ብሎ የሚያስብ አማርኛ ተናጋሪ የለም። ስለዚህ ሚዛኑ ወደ «ገደብ» ያጋድላል።

ለ. «መጠን»። ይህ ቃል ሰፊ በመሆኑ ብቻ ይወደዳል። «የመድኃኒት መጠን» ሲባል ወደ ሰውነት የሚገባው ነው፤ በሥራ ቦታ የሚለካው ግን በአየሩ ውስጥ ያለው ነው። በሁለቱ መካከል የቆይታ ጊዜና የአተነፋፈስ ፍጥነት አሉ። ሁለቱን በአንድ ቃል የጠራ ተርጓሚ፣ ከባድ ሥራ እየሠራ በኀይል የሚተነፍሰውን ሠራተኛ ተቀምጦ ከሚጽፈው ጋር እኩል ያደርገዋል። «ክምችት» የሚለው ምትክም አያዋጣም፤ «የክሎሪን ክምችት» ሲባል ሰሚው የሚያስበው ዕቃ ቤት ያለውን ሲሊንደር እንጂ የሚተነፍሰውን አየር አይደለም። «ይዘት» ይሻላል፤ «በአየር ውስጥ ያለ የክሎሪን ይዘት» ቢባል የሚያሻማ ነገር የለውም። ለመለኪያውም ባዕድ ምሕፃር መዋስ አያስፈልግም። «ከመቶ ዐሥር እጅ» ማለትን አማርኛ ያውቀዋል፤ «ከሚሊዮን ዐሥር እጅ» ማለት ይህንኑ መንገድ መከተል ነው።

ሐ. «ተጋላጭነት»። ተጋላጭ የሚባለው በቀላሉ የሚጠቃ ነው፤ ተጋላጭነትም የሰውየው ጠባይ ወይም ሁኔታ ነው። መጋለጥ ግን መነሻና መድረሻ ያለው፣ በሰዓት የሚለካ ድርጊት ነው። «የተጋላጭነት ገደብ» ስንል ምክንያቱን ከአየሩ ወደ ሠራተኛው ድካም እናዞራለን። የዓለም ሥራ ድርጅት በ1977 እ.ኤ.አ. ያጸደቀው ቁጥር 148 ስምምነት የሚናገረው ስለ መጋለጥ ገደብ እንጂ ስለ ሠራተኛው ደካማነት አይደለም። ስለሆነም «የመጋለጥ ገደብ» እንበል።

መ. የተጣለው ጊዜ። ከሁሉ የከፋው ስሕተት በቃል ምርጫ ሳይሆን በቃል መጣል የሚመጣው ነው። ገደቦቹ ሦስት ዓይነት ናቸው፤ የ8 ሰዓት ሥራ አማካይ፣ የ15 ደቂቃ አማካይ፣ እንዲሁም ለቅጽበትም የማይታለፍ። ሦስቱም «ከፍተኛ መጠን» ተብለው ቢተረጐሙ ምን እንደሚከተል በስሌት እንመልከት። በአሜሪካ የፌዴራል ደንብ ለካርቦን ሞኖክሳይድ የተቀመጠው ከሚሊዮን 50 እጅ የ8 ሰዓት አማካይ ነው። ለክሎሪን የተቀመጠው ከሚሊዮን 1 እጅ ግን ለቅጽበትም የማይታለፍ ነው። ልዩነቱ ከስያሜው ቢጠፋና አንባቢው የክሎሪኑንም ቁጥር እንደ አማካይ ቢወስደው፣ ለግማሽ ሰዓት 16 እጅ፣ ለቀረው ሰባት ሰዓት ተኩል ባዶ የሆነ አየር በአማካይ 1 እጅ ይሆናል፤ በወረቀት ላይ ደንቡ ተከብሯል። ሆኖም የአሜሪካ ብሔራዊ የሥራ ደኅንነትና ጤና ኢንስቲትዩት ክሎሪን ለሕይወት ወዲያውኑ አደገኛ ነው የሚለው ከሚሊዮን 10 እጅ ሲደርስ ነው። እንግዲህ አንዲት የተጣለች ቅጽል ሰው ልትገድል ትችላለች።

በማስጠንቀቂያ ጽሑፍም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የሃይድሮጂን ሰልፋይድ ይዘት ከሚሊዮን 100 እጅ ገደማ ሲደርስ የማሽተት ኀይል ይደነዝዛል። ተርጓሚው «ሽታው ሲጠፋ» ብሎ ከጻፈ፣ በአማርኛ የጠፋ ነገር የሌለ ነውና፣ አንባቢው ጋዙ ሄደ ብሎ ይገባል። «አፍንጫ ማሽተት ሲያቆም» ቢባል ግን አደጋው በቦታው ይቀራል።

«ቃላቱ ስለተለመዱ ቢተዉ ይሻላል» የሚል መቃወሚያ ሊነሣ ይችላል። በዕለት ንግግር ነገሩ እውነት ነው፤ ልማድ ይገዛል። በሕግ ግን አይበቃም። በ1987 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ማቋቋሚያ አዋጅ ቁጥር 3 በአማርኛውና በእንግሊዝኛው መካከል ልዩነት ሲኖር የአማርኛው የበላይነት እንዳለው ይደነግጋል። በመሆኑም እንዲህ ያለ ገደብ በዚያ ጋዜጣ በሚወጣ ሕግ ውስጥ በሚገባበት ጊዜ የአማርኛው ስያሜ የእንግሊዝኛው ጥላ አይሆንም፤ ራሱ ሕጉ ይሆናል። ዳኛ የሚተረጕመው እርሱን ነው፤ ተቈጣጣሪም የሚለካው በእርሱ ነው።

ከዚህ በላይ በተሰጡት ምክንያቶች ለጠቅላላው ጽንሰ ሐሳብ «የመጋለጥ ገደብ»፣ በሥሩም «የ8 ሰዓት አማካይ ገደብ»፣ «የ15 ደቂቃ ገደብ» እና «ቅጽበታዊ ገደብ» የሚሉት ቢያዙ ይበጃል። ለመጨረሻው «ጣሪያ» የሚለውን የሚመርጥ ቢኖር፣ ከ«ዋጋ ጣሪያ» የተለመደ ስለሆነ የሚነቀፍ አይደለም። የማይታለፈው ነገር ግን አንድ ነው፤ ቁጥሩ ያለ ሰዓቱ፣ ሰዓቱም ያለ ስሙ በአማርኛ ጽሑፍ ውስጥ ብቻውን መቆም የለበትም።