የኔታና አሠልጣኙ

ባለፈው ክረምት የአክስቴ ልጅ ለአንድ ድርጅት ምክትል ሥራ አስኪያጅነት ተወዳድሮ ከመጨረሻዎቹ ሦስት እጩዎች አንዱ ሆነ። ቢቸና ተወልዶ፣ ሞጣ ሠርቶ፣ አዲስ አበባ የከተመ የሂሳብ ሰው ነው። ለቃለ መጠይቁ የሚያዘጋጀው አሠልጣኝ በገንዘቡ ቀጥሮ አንድ ወር ያህል ሲመላለስ ከረመ። ከዚያ አንድ ማታ ቤቴ መጣና፣ «ጋሼ፣ አንቱ የሰው ጽሑፍ ሲተቹ ነው የሚውሉት፤ እስቲ ዛሬ ፈታኝ ይሁኑና እኔን ይተቹኝ» አለኝ።

እነሆ ሂሱ።

«ደካማ ጎንዎ ምንድን ነው?» ስል ጀመርኩ። «የጀመርኩትን ሥራ ሳልጨርስ እንቅልፍ አይወስደኝም» አለ፣ አንዳች ሳይደናቀፍ። «ሳይጨርሱ የተኙበት ቀን የለም?» ብዬ ስመለስበት ግን ዝም አለ። አሠልጣኙ በሰጠው ወረቀት ላይ ከዚያ በታች የተጻፈ ነገር አልነበረም። ሃያሲ እንዲህ ያለውን ነገር በልቦለድ ውስጥ ስንት ጊዜ አይቶታል! ገጸ ባሕርይው አፉን ይከፍታል፤ የሚሰማው ግን የደራሲው ድምፅ ነው።

መቼም ለትልቅ ፈተና ሰውን ማዘጋጀት ለኛ አገር አዲስ ነገር አይደለም። ከደጀን ተነስቶ በቢቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ አድርጎ ባሕር ዳር የሚደርሰው መንገድ የቅኔ አገር መንገድ ነው። የቅኔ ተማሪ ቀን ከሰው ተለይቶ ከዛፍ ሥር ወይም ከወንዝ ዳር ተቀምጦ ቅኔ ይቆጥራል፤ ማለትም በልቡ ያዘጋጃል። የቆጠረውን የኔታ ፊት ቀርቦ ያሰማል፤ ይህም ነገራ ይባላል። ከጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ተነስቶ እስከ መወድስ ስምንት ቤት ደረጃ በደረጃ ይወጣል። የኔታ ቤቱ የተሰበረውን ይጠግናሉ፣ ሰሙ ከወርቁ ያልገጠመውን ያርማሉ፣ ያልበሰለውን ይመልሳሉ። የራሳቸውንም ቅኔ ለአብነት ያሰማሉ። ተማሪው ያንኑ የእኔ ነው ብሎ ቢያቀርበው ግን መሳቂያ ይሆናል፤ ቅኔ አይደገምማ። በመጨረሻም የበቃው ያስመሰክራል፤ መምህሩ ይመሰክሩለታል።

እንግዲህ ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። የኔታ የተማሪውን ቃል ይመልሳሉ፤ የዘመኑ አሠልጣኝ የራሱን ቃል ያስይዛል። የፊተኛው ሰውየውን ያሰላዋል፣ የኋለኛው ያለብሰዋል። የተውሶ ልብስ ደግሞ ሁለተኛው ጥያቄ ሲመጣ ይወልቃል።

ፍርደ ገምድል እንዳልባል የአሠልጣኙንም ውለታ ልናገር። የየኔታ ቤት አርጩሜና ፍርሃት ነበረበት፤ አሠልጣኙ ትሑት ሰው ነው። መልስ በሁለት ደቂቃ እንዲያልቅ አስተምሮታል። ከሁሉም በላይ «ሠራን» ማለትን አስተውቶ «ሠራሁ» ማለትን አስለምዶታል። የኛ አገር ሰው ራሱን ማመስገን ያፍራል፤ ፈታኞቹ የሚቀጥሩት ግን አንድ ሰው እንጂ «እኛን» አይደለም።

ይሁን እንጂ ያገራችን ሰው ራሱን የሚያመሰግንበት ሥርዓት አጥቶ አያውቅም። ፉከራ ምንድን ነው? ጀግናው በጌታው ፊት ተነስቶ የሠራውን ይቆጥራል፤ አብረውት የዘመቱት ደግሞ እዚያው ተቀምጠው ይሰማሉ። ያልዋለበትን ቢፎክር የሚያሳፍሩት እነሱ ናቸው። ፉከራን ከጉራ የሚለየው ምስክሩ ነው። ወረቀቱን ያስቀመጥኩበት ምክንያትም ይኸው ነው፤ «ምስክር ያለበት ነገር ንገረኝ» አልኩት።

ብዙ ዝም ብሎ ተናገረ። ሞጣ ሳለ የአንድ ገበሬዎች ማኅበር ሂሳብ ሠራተኛ ነበር። አንድ ዓመት የትርፍ ክፍፍሉን አሳስቶ አሰላ፤ ላንዱ በዛ፣ ለሌላው ጎደለ። ለከርሞ አካክሶ ሊያልፈው ይችል ነበር። እሱ ግን ጉባኤው መካከል ቆሞ፣ «የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» አለ። አንድ ሽማግሌ ተነስተው እስኪበቃቸው ገሠጹት። ከዚያ መዝገቡን ስም በስም እያነበበ አብረው አረሙት። «ይህን ለምን አትናገርም?» ብለው፣ «አሠልጣኙ አስወጣኝ፤ ድክመት ያሳያል አለ» አለኝ።

ወርቁን አውጥቶ ሰሙን ብቻ አስቀርቶለታል ማለት ነው! «ተናገረው» አልኩት። ሄደና ተናገረ። ከፈታኞቹ አንዷ ስለ ሽማግሌው ደጋግመው ጠየቁት፤ ከሁሉም ጥያቄ ያ ረዘመ። ቦታው ግን ለሌላ ሰው ተሰጠ። ማታ ደውሎ፣ «ጋሼ፣ አሠልጣኙ ልክ ሳይሆን አይቀርም» አለኝ። ምን ልበለው? የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ ወለምታው የመጣው በኔ ምክር ከሆነስ?

ያን ማታ ትዝ ያለኝ በዛብህ ነው። በልጅነታቸው በደብረ ወርቅና በዲማ የተማሩት ሐዲስ ዓለማየሁ፣ በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» የማንኩሳውን የቅኔ ተማሪ ቢቸና አቅራቢያ ወዳለችው ዲማ አምጥተው በፊታውራሪ መሸሻ ቤት የሰብለ ወንጌል አስተማሪ ያደርጉታል። በእውቀቱ በሩን አልፎ ገባ፤ ፊታውራሪ የልጃቸውን ባል የሚመዝኑት ግን በዘር ነበር። ላልተጠየቀ ጥያቄ የኔታም አሠልጣኝም አያዘጋጅም። የአክስቴ ልጅ በምን እንደተመዘነ ስለማላውቅ ማንንም አልከስም።

ደራሲው ራሳቸው አምባሳደርና ሚኒስትር ሆነዋል። ከ1966ቱ ለውጥ በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር እንዲሆኑ ተጠይቀው እንዳልተቀበሉም ይነገራል። አልፈልግም ማለትም ዝግጅት ይጠይቃል። ሰው የራሱን ልክ ካላወቀ መቀበሉም መተዉም የተውሶ ይሆንበታል።

አሁን ሌላ ማስታወቂያ ወጥቷል፤ የአክስቴ ልጅም አሠልጣኙን መልሶ ቀጥሮታል። አልተቀየምኩም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁ፤ ቅዳሜ ማታ ሁለታችንም ፊት እንዲቀርብ። አሠልጣኙ ሰዓት ይይዛል፤ እኔ ያልበሰለውን እመልሳለሁ። ወረቀት ይዞ መግባት ግን አይፈቀድም።