የሕፃናት ቁጥር ጣሪያና ድምሩ የሸፈነው እውነታ

ስዊድናዊው ሐኪም ዶክተር ሐንስ ሮስሊንግ ከልጃቸውና ከምራታቸው ጋር ያዘጋጁት «ፋክትፉልነስ» የተሰኘ መጽሐፍ፣ እርሳቸው ባረፉ በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ለንባብ በቅቷል። መጽሐፉ ከሚያነሣቸው ጥያቄዎች አንዱ የሚከተለው ነው፤ ዛሬ በዓለም ላይ ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች 2 ቢሊዮን ያህል ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2100 ስንት ይሆናሉ? የደራሲው መልስ «ያው 2 ቢሊዮን» የሚል ነው።

የመጽሐፉ ብርታት ከዚህ መልስ በስተጀርባ ባለው ማብራሪያ ላይ ነው። ሕፃናትን ከሞት ማዳን የሕዝብ ብዛትን ያባብሳል የሚለውን አሮጌ ክርክር ደራሲው በማስረጃ ይሞግታሉ። ወላጆች ልጆቻቸው እንደሚያድጉ ሲተማመኑ፣ እናቶች ሲማሩና የወሊድ መቆጣጠሪያ በቅርብ ሲገኝ የሚወለዱ ልጆች ቁጥር ይቀንሳል። በኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች መሠረት እ.ኤ.አ. በ2005 በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 123ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2016 ቁጥሩ ወደ 67 ወርዷል። በዚሁ ጊዜ አንዲት ሴት በአማካይ የምትወልዳቸው ልጆች ከ5.4 ወደ 4.6 ቀንሰዋል። በተባበሩት መንግሥታት ግምትም በዓለም ላይ ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ቁጥር እ.ኤ.አ. በ2017 ገደማ ጣሪያው ላይ ደርሶ ማቆልቆል ጀምሯል።

ይሁን እንጂ መጽሐፉ ከጉድለት የጸዳ አይደለም። በመጀመሪያ፣ ትንበያን እንደ ተረጋገጠ እውነታ ያቀርባል። በ2100 ይደርሳል የተባለው የ11 ቢሊዮን ሕዝብ ግምት፣ እ.ኤ.አ. በ2024 በወጣው የተባበሩት መንግሥታት ትንበያ ወደ 10.2 ቢሊዮን ዝቅ ብሏል። ሁለተኛውና ዋነኛው ጉድለት ግን የድምሩ ነው። በሌሎች አህጉራት የሕፃናት ቁጥር ሲቀንስ ከሰሃራ በታች ባሉ አገሮች ይጨምራል። ደራሲው የሕዝብ ዕድገቱ ወደ አፍሪካ ማዘንበሉን ባይዘነጉትም ትኩረታቸው ይበልጡን ወደ ገበያው ነው፤ ለሚጨምሩት ሕፃናት ስንት አዋላጅ፣ ምን ያህል ክትባት እንደሚያስፈልግ አይጠይቁም።

በአንድ አገር ውስጥም አማካይ ቁጥር ያሳስታል። በ2016ቱ ጥናት የወሊድ መጠን በአዲስ አበባ 1.8፣ በሶማሌ ክልል ደግሞ 7.2 ነበር። አገራዊው 4.6 ሁለቱንም አይገልጽም። ስለሆነም «የሕፃናት ቁጥር ጣሪያ ነክቷል» የሚለው ዜና የእናቶችና የሕፃናት ጤና በጀትን ለመቀነስ ምክንያት ከሆነ ጉዳቱ የሚያርፈው ሕፃናት በሚበዙበትና አገልግሎቱ በሚያንስበት ሥፍራ ይሆናል።

የዚህ ጉድለት ማረሚያ የሚገኘው ከዚያው መጽሐፍ ነው። ደራሲው ከ1979 እስከ 1981 እ.ኤ.አ. በሞዛምቢክ ናካላ ወረዳ ሲሠሩ፣ በሆስፒታሉ ከሚሞቱት ሕፃናት ይልቅ ሳይታከሙ በየቤታቸው የሚሞቱት እጅግ እንደሚበዙ ቆጥረው ደረሱበት፤ ኃላፊነታቸውም ከሆስፒታሉ በር እንደሚያልፍ ተገነዘቡ። የጤና ባለሙያ ከመጽሐፉ ሊወስደው የሚገባው ትምህርት ይኸው ነው፤ ከዓለም ድምር አስቀድሞ በገዛ ቀበሌው ያሉትን፣ ወደ ጤና ጣቢያ ያልመጡትንም ጭምር መቁጠር።