ወፏን የሚወቅስ ግጥም፦ የግብር ስላቅ እንዴት ይመዘናል?

ግብር የከበደበት ሰው ቢሳደብ አይፈረድበትም፤ ስድብ ግን ስላቅ አይሆንም። «ሌቦች ናቸው» የሚል ግጥም ለየትኛውም አገር ሹም ይገጥማል፣ ስለዚህ ለማንም አይሆንም። ጥሩ የግብር ስላቅ ከሁሉ በፊት ግብሩን ያውቃል፦ ማን ገመተው? በምን ተሰፈረ? መቼ ተጠየቀ?

ከምርት ላይ አንድ አሥረኛ ይወሰድበት የነበረውን አስራትን እንውሰድ። ገማቹ መጥቶ ማሳውን ሳያይ ገበሬው ምርቱን እንዳይሰበስብ ይከለከል ነበር። ገማቹ ሲዘገይ ዝናቡና ወፉ ቀድመው የየድርሻቸውን ይወስዱ ነበር፤ ሲመጣ ደግሞ መብሉና መጠጡ በገበሬው ላይ ነበር። ይህን የሚያውቅ አዝማሪ የገማቹን ስም እንኳ ሳያነሳ ወፏን ቢወቅስ፣ እሷም «ያለ ደብዳቤ የመጣች ገማች» ብትባል፣ ሹሙ ምን ብሎ ይቆጣል? ቢቆጣ ራሱን አወቀ፤ ዝም ቢል ተሳቀበት። እኔ ከሁሉ የምመዝነው በዚህ ነው፦ የተነካው ሰው ተቀምጦ ሊሰማው የሚገደድበት ስላቅ ከሁሉ ይበልጣል።

በዋግ ደግሞ ቀረጥ የሚከፈልበት ጨው ነበር። ሰቆጣ የአሞሌ ጨው ገበያ ነበረች። ከአፋር በረሃ የወጣው ጨው በየኬላው ቀረጥ እየተከፈለበት ወደ ደጋው ይዘልቅ ነበር። አሞሌው በጉዞ እየተሸረፈ ያንስ፣ ዋጋው ግን ከቦታ ቦታ ይጨምር ነበር። ቀልዱ እዚያው መንገዱ ላይ አለ፤ ገጣሚው ከዚህ ውጭ ሌላ ነገር ከፈለሰፈ ገበያውን አላየውም ማለት ነው።

በሥዕልም ሕጉ ያው ነው። እንግሊዛዊው ጄምስ ጊልሬይ፣ መንግሥት በፀጉር ዱቄት ላይ በዓመት አንድ ጊኒ በጣለበት በ1795 እ.ኤ.አ.፣ ጊኒዋን ለማትረፍ ዱቄቱን የተወ አንድ ቤተሰብ ሣለ። ግብሩም፣ የከፋዩ ከንቱ ኩራትም አብረው ተመቱ። ከፋዩን ንጹሕ በግ አድርጎ የሚያቀርብ ሥዕል አይጥመኝም። ሌላም ፈተና አለ፦ የሥዕሉን ጽሑፍ በመዳፍህ ሸፍነው። ካላሳቀህ ሥራውን የሠራው ጽሑፉ ነው።

ጎጃም በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብርን ሲቃወም ገበሬውን ያስፈራው ገንዘቡ ብቻ አልነበረም፤ የመሬት ልኬታው ርስቱን እንዳይነካበት ይሰጋ ነበር። በመጨረሻ መንግሥት ውዝፉን ሰረዘ፣ ጠቅላይ ገዥውንም አነሳ። ስለዚያ ዓመት «ብር፣ ብር» ብቻ የሚል ግጥም ቢነገራችሁ ተጠራጠሩ፤ የልኬታው ገመድ ወይም ችካል መኖር አለበት። በ2009 ዓ.ም. ደረጃ «ሐ» የሚባሉት አነስተኛ ነጋዴዎች ግብር ስለሚሰላበት የቀን ገቢ ግምት ሲማረሩም እንዲሁ፦ ጥሩው ቀልድ መጠኑን ትቶ ግምቱን ይይዛል።

ሰቆጣና ዙሪያዋ ያላችሁ ወጣቶች፣ ከአባቶችና ከእናቶች የግብር ግጥም ስትቀዱ ግጥሙን ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ። የትኛው ግብር እንደነበረ፣ ማን እንደሰበሰበው፣ በምን እንደተሰፈረ አብራችሁ ጠይቁና ጻፉ። ያለዚያ የሚመዝነው ሰው መመዘኛ የለውም።