ለዝናቡ ወይስ ለሰው ዓይን?

ሰኔ ሲገባ ሁላችንም ወሬያችን አንድ ይሆናል። “ዘንድሮ ዝናቡ ቀደመ”፣ “የለም፣ ዘገየ”፣ “ጃንጥላዬን ታክሲ ውስጥ ረሳሁት…”። አዲስ አበባ ላይ ዝናብ እንግዳ ነገር ይመስል! ይቺ ከተማ በዓመት 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው የሚወርደውም በእነዚሁ የክረምት ወራት ነው። ይህን እያወቅን፣ ሠርግ ሲመጣ ልብስ እንደምንገዛው ክረምት ሲመጣ ለዝናብ ብሎ ልብስ የሚገዛ ስንት አለ?

ነገሩን ያነሳሁት በብስክሌት ምክንያት ነው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማቱ የብስክሌት መንገድ ተሠርቶልናል። እሰየው ነው። በበጋ ልጅ አዋቂው ይነዳበታል፤ ክረምት ሲገባ ግን ጭር ይላል። “ምን ይደረግ፣ ዝናብ ነዋ!” እንላለን። እኔ ግን ከመገናኛ በቀበና አድርጌ አራት ኪሎ ስመላለስ ሁለት ክረምት አሳልፌያለሁና ጥፋቱን ሁሉ በዝናቡ ላይ ማላከክ አልሆነልኝም።

የመጀመሪያው ክረምት ላይ ጂንስ ሱሪ፣ የጥጥ ሹራብና ጥቁር የቆዳ ጃኬት ለብሼ ወጣሁ። “ሥርዓት ያለው አለባበስ” መሆኑ ነው። ጥጥ ደግሞ ውኃ ሲጠጣ አይጠግብም። ጂንሱ ጭኔ ላይ ተጣብቆ እንደ እርጥብ ጆንያ ከበደኝ። ቁልቁለቱ ላይ ነፋሱ ሲጨመርበትማ ተዉት! ውኃ የሰውነትን ሙቀት ከአየር ከሃያ ጊዜ በላይ ፈጥኖ እንደሚወስድ ያኔ ጥርሴ እየተንቀጫቀጨ ተማርኩ። በማግስቱ ብልህ ሆንኩ ብዬ ከላይ እስከ ታች ላስቲክ ለበስኩ። የቀበናን ዳገት ሳላጋምስ በላብ ተጠመቅሁ። ከውጭ ዝናብ፣ ከውስጥ ላብ… ታዲያ ምኑን አተረፍኩት? ዝናቡን ከልክሎ የላቡን እንፋሎት የሚያስወጣ ጨርቅ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1969 የተፈለሰፈው ጎርቴክስ ለዚሁ ነው። እኔ ዋጋውን ስጠይቅ ግን ከብስክሌቴ ጋር ሊፎካከር ምንም አልቀረው። ሰልባጅ ውስጥ ማግኘት ደግሞ የዕጣ ጉዳይ ነው።

መላውን ያገኘሁት ከደጋ እረኛ ነው። እረኛው ከሣር የተሠራ ገሣ ይደርባል። ገሣው ውኃውን በላዩ ላይ ያንሸራትታል፤ ከታች ክፍት ስለሆነ ደግሞ አየር ያስገባል። ከሥሩ የበግ ጠጉር ልብስ ካለማ እሰየው፤ ሱፍ ቢረጥብም ሙቀቱን ቶሎ አይለቅም። እኔም ይህንኑ ወደ ብስክሌት አመጣሁት። ከውስጥ ስስ የሱፍ ሹራብ፣ ከላይ ሰፋ ያለ ቢጫ የዝናብ ካባ። ጫፉ ካቴና ወይም ጎማ ውስጥ እንዳይገባ አጠር ማለት አለበት። ቆቡም ከራስ ጋር አብሮ መዞር አለበት፤ አለዚያ ከጎን የሚመጣውን መኪና ይጋርዳል። ቅያሪ ሱሪና ካልሲ በቦርሳ ይያዛል። ልብስ ባይሆንም ፓራፋንጎም አይረሳ፤ ጀርባችንን ጭቃ የሚቀባው ሰማዩ ሳይሆን የራሳችን ጎማ ነው።

ከዝናቡ ጋር እንዲህ ታረቅን። ያልታረቅነው ከሰው ጋር ነው።

አንድ ቀን ለጉዳይ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። የጥበቃው ሠራተኛ ከእግር እስከ ራሴ አየኝና “ወንድም፣ ዕቃ ለማድረስ ከሆነ በጓሮ በር ነው” አለኝ።

“ባለጉዳይ ነኝ።”

“በዚህ ላስቲክ?”

እኔ ካባዬን እያወለቅሁ ሳለ ከመኪና የወረደ ሰው ጃንጥላ ተይዞለት፣ እጅ ተነስቶለት ገባ። ጥበቃውን ግን አልፈርድበትም። እሱ የሁላችንን ዓይን ተውሶ ነው ያየኝ። ደግሞስ እኔ ለመፍረድ ማን ነኝና?

ያ ቢጫ ካባ መጀመሪያ የእኔ አልነበረም። ሠፈራችን ውስጥ በብስክሌት ሥራ የሚመላለስ አንድ ወጣት አለ። በዚያ በመጀመሪያው ክረምት ካባዋን ለብሶ ብቅ ሲል የሠፈሩ ሰው “ትራፊክ መጣ!” እያለ ይስቅ ነበር። ከሳቁት አንዱ እኔ ነበርኩ፤ ያውም በቆዳ ጃኬቴ በስብሼ! ሥራ ቦታም እንደዚያው ይቀልዱበት ኖሮ ልጁ ካባዋን ተወና እንደ ሰው ጥቁር ኮት መልበስ ጀመረ። ነሐሴ ላይ፣ አንድ ዝናባማ ምሽት፣ የብስክሌቱ መንገድ አልቆ ከመኪናው ጋር በሚቀላቀልበት ቦታ መኪና ገጨው። ክንዱ ሁለት ቦታ ተሰበረ። ሾፌሩ “በዚህ ጨለማ ጥቁር ለብሶ፣ በምን ልየው?” አለ አሉ። በቀስታ ቢነዳ ያየው ነበር። እኛም ባንስቅ ያየው ነበር።

ልጠይቀው ስሄድ ካባዋ በሩ ጀርባ ተሰቅላለች። “ጋሼ፣ እርስዎ ይውሰዷት” አለኝ። “እርስዎ ላይ ማን ይስቃል?”

ምን ብዬ ልመልስለት?

እንግዲህ ብስክሌት ንዱ ተብለናል። መንገዱም ተሠርቷል። ለመኪና ሰፊ ማቆሚያ ያላቸው መሥሪያ ቤቶቻችን ግን እርጥብ ካባ የሚሰቀልበት አንድ ሚስማር፣ ሱሪ የሚቀየርባት አንዲት ጠባብ ክፍል ማዘጋጀት ምን ያህል ይከብዳቸዋል? እኛስ ቢጫ የለበሰ ሰው ሲያልፍ ከመሳቃችን በፊት ለምን እንደለበሰው አንዴ ብናስብ? ሰው የሚለብሰው ዝናቡን አይቶ ይሁን፤ እኛን ፈርቶ አይሁን።

ወጣቱ አሁን ክንዱ ድኗል። ብስክሌቱን ግን እስካሁን አላወረደም። ካባዋን ልመልስለት እየጠበቅሁ ነው።

ቸር እንሰንብት።